ከደብር እስከ ደብር፤ ስለ ሶምሶማ ሩጫና ስለ ወይራ ጥላ



ዛሬ በፊታችሁ የምናገርበት ጉዳይ የመንግሥት ወይም የሕግ ጉዳይ ሳይሆን፣ አንድ ጤነኛ ሰው ማለዳ ተነሥቶ፣ ያለ ሽልማትና ያለ ተመልካች፣ ትንፋሹን ሳያስጨንቅ፣ ከከተማ ወጥቶ በገጠር መንገድ በዝግታ የሚሮጠው ሩጫ፣ ማለት ሶምሶማ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ በአገራችን ሩጫ በተባለ ቁጥር የሁሉ አሳብ ወደ ወርቅ ሜዳልያና ወደ ሰንደቅ ዓላማ ስለሚበር፣ ለገዛ ጤናውና ለገዛ ደስታው ብቻ የሚሮጠው ተራ ሰው ተረስቶ ቀርቷል፤ የሚሮጥበትም መንገድ ከነጭራሹ አልታሰበበትም። እኔ ይዤ የቀረብሁት አሳብ አንድ ነው። ለሶምሶማ የሚስማማው መንገድ ወደፊት በብዙ ገንዘብ የሚሠራ አይደለም፤ አባቶቻችን ከደብር ወደ ደብር ሲመላለሱ በእግራቸው የተለሙት፣ ዛሬም ያልጠፋ፣ ነገር ግን ጥላው በመካከል የተቋረጠበት መንገድ ነው፤ የተቋረጠውንም ጥላ ሊቀጥልልን የሚችለው ዛፍ፣ በእኔ አስተያየት፣ ወይራ ነው።

ወይራ ስል የትኛውን እንደምል አስቀድሜ ማስረዳት ይገባኛል። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉት አገሮች፣ በግሪክም በኢጣልያም በስፔንም፣ ወይራ በተርታ ተተክሎ፣ ተገርዞና ተኮትኩቶ፣ ፍሬው ለዘይት የሚጨመቅ የአትክልት ቦታ ዛፍ ስለ ሆነ፣ የዚያ አገር ሰው ጧት በወይራ መካከል ሮጥሁ ቢል ባለቤቱ የታወቀ እርሻ አቋርጦ መሄዱን መናገሩ ነው። የእኛው ወይራ የዚያ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ዱር በቀል ነው፤ ፍሬው ትንሽ፣ ሥጋው ስስ፣ ሲበስል ወደ ጥቁርነት የሚያደላ በመሆኑ ለመጭመቂያ የሚበቃ ዘይት የለውም፤ ለወፎች ግን ሲሳይ ነው። ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴና አብረቅራቂ፣ ከታች በኩል ወርቅማ ቡናማ ነው። ከ1,250 እስከ 3,100 ሜትር ባለው ከፍታ የሚበቅል ስለ ሆነም፣ 2,700 ሜትር ያህል ላይ የተቀመጠችው ከተማችን ደብረ ታቦር ከርስቱ ውስጥ ናት። እንጨቱ ከባድና ጠንካራ ስለ ሆነ ለእርሻ ዕቃና ለበትር ይፈለጋል፤ ከሰሉ እሳት ያቆያል፤ ጭሱ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ያጥናል፤ በወይራ ካልታጠነ ጋን የጠጣ የዚህ አገር ሰው ጠላው ምን እንደ ጎደለው ወዲያው ያውቃል። ይህ ሁሉ ጥቅም ግን ለዛፉ በረከት ሳይሆን መርገም ሆነበትና፣ ከእርሻው ዳርና ከወሉ መሬት ተቆርጦ ተቆርጦ፣ ዛሬ ዕድሜ የጠገበ፣ ባለ ግርማ ወይራ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር መሄድ ግድ ይሆንበታል።

የሩጫና የዱር ወይራ ዝምድና በእኛ ዘመን የተፈጠረ አይደለም። የጥንት ግሪኮች በኦሎምፒያ ያደርጉት በነበረው፣ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ776 ዓመት ጀምሮ በሚቆጠረው ውድድር፣ ለአሸናፊው የሚሰጡት ዋጋ ብርም ወርቅም አልነበረም፤ በዚያው ከቆመ የዱር ወይራ ተቆርጦ የተጎነጎነ የቅጠል አክሊል ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 9 ስለ ሯጮችና ስለሚጠፋው አክሊል ባነሣ ጊዜ፣ አንባቢዎቹ ከቅጠል የተሠራ አክሊል በስንት ቀን እንደሚጠወልግ በዓይናቸው አይተው የሚያውቁ ነበሩ። በ1996 ዓ.ም የኦሎምፒክ ጨዋታ ወደ አቴና በተመለሰ ጊዜ ግሪኮች ይህንን ልማድ አድሰው ከሜዳልያው ጋር የወይራ አክሊል ይደፉ ነበር፤ ቀነኒሳ በቀለ የ10,000 ሜትሩን ሩጫ ያሸነፈበት ቀን ነሐሴ 14፣ ማለት እኛ እዚህ ችቦ አብርተን የደብረ ታቦርን በዓል ባከበርን ማግስት ነበር። ስለሺ ስኅን ሁለተኛ ወጣ፤ ታላቃቸው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም እግሩን እያመመው አምስተኛ ሆኖ ፈጸመ። እንግዲህ ወይራ በኢትዮጵያዊ ሯጭ ራስ ላይ ከተቀመጠ 20 ዓመት አልፎታል፤ በሯጩ መንገድ ዳር መተከሉ ግን ገና ይቀረዋል።

የጀግኖቹን ነገር ያነሣሁት ልቆይበት አይደለም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ድል ከተቀዳጀ ወዲህ፣ ሕዝባችን ሩጫን እንደ ተሰጥኦ፣ ለተመረጡት ብቻ እንደ ተከፈለ ጸጋ አድርጎ ማየት ለምዷል። ይህ አመለካከት ጉዳት አለው። የ40 ዓመት መምህር፣ ሱቅ ተቀምጣ የምትውል እናት፣ ቢሮ ውስጥ ወገቡ የደረቀ ጸሐፊ፣ እነዚህ ሁሉ ሩጫ የእኔ ግብር አይደለም ብለው ይተዉታል። ያሸናፊዎቹን ኑሮ ቀርቦ ያየ ሰው ግን፣ እነዚያ በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ የሚለማመዱት ሯጮች ከሳምንታቸው ብዙውን ክፍል የሚያሳልፉት በዝግታ፣ በተርታ ተከታትለው፣ በዛፍ መካከል እየተጠማዘዙ በመሮጥ መሆኑን ይገነዘባል። መሬቱንም አስፋልት፣ ኮሮኮንችና ጫካ ብለው ይለዩታል፤ አስፋልቱ ጉልበትን ስለሚጎዳ የሚመረጠው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ድካም የሚወጣው በጫካው ለስላሳ አፈር ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው እንጂ የማንንም ክብረ ወሰን መስበር አይደለም።

አሁን ወደ መንገዱ ልግባ፤ የንግግሬ ልብ እርሱ ነውና። በደቡብ ጎንደር ከ1,000 በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከአንደኛው ደጃፍ ቆሞ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው የሌላውን ዛፍ በወዲያኛው ኮረብታ ላይ እንደ ጥቁር ደሴት ሆኖ ያየዋል። በእነዚህ ደሴቶች መካከል ያለው ቀጭን መንገድ የማን ሥራ ነው? መሐንዲስ አልቀየሰውም፤ ደመወዝ የተከፈለው ሠራተኛም አልቆፈረውም። የጎጃም፣ የወሎና የሸዋ ተማሪ ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ፣ ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ፣ የተክሌን አቋቋም ሊቀጽል ወደ ደብረ ታቦር ሲመላለስ፣ እግሩ ያረፈበት ሁሉ መንገድ ሆነ። ከእርሱም ጋር ለማኅበር የሚሄደው ዘመድ፣ ለክርስትና የምትሄደው አራስ፣ አስከሬን የተሸከመው ቀባሪ፣ ለገበያ የምትወርደው ባልቴት ያንኑ መንገድ እየረገጡ አጠነከሩት። በየዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት ትምህርታቸውን በቃል እንዳወረሱን፣ መንገዱን ደግሞ በእግር አወረሱን ማለት ይቻላል።

የዚህ መንገድ ታላቅ ጠባይ፣ እኔ በተለይ እንድታስተውሉልኝ የምሻው፣ ዳገትን ፊት ለፊት አለመግጠሙ ነው። ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ለቅዳሴ ሲሄድ፣ ልጅ ያዘለች እናት ወይም ጭነት የያዘ አህያ ኮረብታ ሲያጋጥማቸው፣ ወገቡን ይዘው ይዞራሉ እንጂ ወደ አናቱ አይወጡም፤ ወንዝም ሲያጋጥማቸው የሚሻገሩት ጠፍጣፋ ድንጋይ ካለበት ዘንድ ነው። ስለዚህ የሽማግሌና የአህያ እግር የመረጠው መንገድ፣ በማለዳ ሳይቸኩል ለሚሮጥ ሰው ከማናቸውም መሐንዲስ ሥራ ይልቅ የተመቸ ሆኖ ይገኛል። ከከተማው ጥቂት እልፍ ሲሉ አፈሩ ቀይና ለስላሳ ነው፤ ግራና ቀኙ የገብስና የድንች ማሳ፣ አልፎ አልፎ የድንጋይ ካብ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ቆሞ ይታያል።

ለንጽጽር ያህል የአፄ ቴዎድሮስን መንገድ አስቡ። ከዚህች ከተማ አቅራቢያ በጋፋት፣ ንጉሠ ነገሥቱ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ካሠሩ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም በጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ያንን ብረት በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉና ገደል እያስቆፈሩ፣ እርሳቸውም በእጃቸው እየሠሩ፣ መቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት በመጋቢት ነበር። ያ መንገድ የፈቃድ ጽናት መታሰቢያ ነው፤ በመንኰራኵር ለሚጎተት ሸክም ሲባል ተራራ ተገዝግዞ የወጣ ነውና ያስደንቃል። ነገር ግን በሶምሶማ ለሚሄድ ሰው የቴዎድሮስ መንፈስ የሚበጀው አይመስለኝም፤ የሚበጀው የቆሎ ተማሪው መንፈስ ነው። ወደ ጋፋት መሮጥ የሚፈልግ ወጣት ካለ ይሂድ፤ ቦታው ቅርብ ነው፣ ታሪኩም ሊታይ ይገባዋል፤ መድፉን ግን በልቡ እየጎተተ እንዳይሄድ እመክረዋለሁ።

የሚሮጥበትን ፍጥነት በተመለከተ፣ የእኛ አየር የራሱ ሕግ አለው። በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲመዛዘን ከሩብ በላይ ስለሚቀንስ፣ በአንዲት ትንፋሽ የሚገባው የሕይወት አየር በዚያው ልክ ያነሰ ነው፤ ከ1,800 ሜትሩ ባሕር ዳር ለአንድ ቀን የመጣ እንግዳ እንኳ የእኛን ትንሽ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ይዞ ይቆማል። እዚሁ የተወለድን ሰዎች ደማችን ለምዶታል፤ ቢሆንም ለዓመታት ተቀምጦ የኖረ ሰው የተወለደበት አገር አየር አያድነውም። መለኪያው ቀላል ነው። እየሮጠ ከጓደኛው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር የቻለ ሰው ልኩን ይዟል፤ ቃላቱ ከተቆራረጡበት አልፏልና ወደ እርምጃ ይመለስ። የዚህ ከተማ ሰው ደግሞ በዝግታ ጀምሮ ቀስ በቀስ የመጨመርን ሥርዓት ከሌላ ሰው መማር አያስፈልገውም፤ የአለቃ ገብረ ሐና ስም የሚነሣበትን የተክሌ አቋቋም በማኅሌት ቆሞ ያየ ሁሉ ያውቀዋልና። መዘምራኑ ሌሊቱን በጽፋት አይጀምሩም፤ አስቀድሞ ዜማው በቁም ይባላል፣ ቀጥሎ መቋሚያው በዝማሜ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ከበሮው ገብቶ መረግዱ ይመጣል፣ የሚያስጨበጭበውና የሚያስወረዛው ጽፋት በመጨረሻ ነው። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት እንደ ቁም ዜማ በእርምጃ፣ ቀጥሎ ያለውን እንደ ዝማሜ በዝግተኛ ሶምሶማ ቢፈጽም፣ ጉልበቱ ራሱ ወደ መረግዱ ይወስደዋል፤ ወደ ጽፋቱ መድረስ ግን ግዴታው አይደለም፤ ብዙዎቻችን ሳንደርስበት ብንቀር ምንም አይጎድልብንም።

ከመንገዱና ከትንፋሹ ይልቅ ሰውን የሚያስቸግረው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የሰው ዓይን ነው። በገጠራችን አዋቂ ሰው ያለ ምክንያት አይሮጥም። የሮጠ እንደ ሆነ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ከብት ተነድቷል፣ ወይ መርዶ ተይዟል። ስለዚህ አንድ የከተማ ሰው በማለዳ ሱሪውን አሳጥሮ በሰፈሩ ሲያልፍ፣ ገበሬው ሞፈሩን አቁሞ፣ «ምነው ወንድሜ፣ ደኅና ነው?» ይላል፤ ባልቴቲቱም ከደጇ ላይ ሆና፣ «ማን ሞተ ልጄ?» ብላ ትጠይቃለች። እንግዳው ሯጭ ዝም ብሎ፣ ጆሮውን በሙዚቃ ደፍኖ ያለፈ እንደ ሆነ ሰፈሩን ሁሉ አሸብሮ መሄዱ ነው፤ ይህም ነውር ነው። የሚሻለው በሰዎቹ አጠገብ ሲደርስ ከሩጫው ወደ እርምጃ ወርዶ፣ «እንደምን አደራችሁ?» ብሎ፣ ምስጋናቸውን ተቀብሎ፣ የሚያርሰውን ሰው «እግዜር ያበርታዎ፣ አያ» ብሎ ማለፍ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ስሙን ያውቁታል፤ በሦስተኛው ከቀረባቸው፣ «ትናንት ምነው ቀረህ?» ይሉታል። የገበሬ ውሻ ግን ሰላምታ አይቀበልም፤ በፊቱ መሮጥ አያዋጣምና በእርምጃ ማለፍ፣ እምቢ ካለም ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ማለት ይበቃል። ለሴቶች እኅቶቻችን ደግሞ ሁለትና ሦስት ሆነው መውጣት ለጊዜው የተሻለ ይመስለኛል፤ ለጊዜው የምለውም የሰው ዓይን የሚለምደው በማየት ስለ ሆነ ነው።

ከደብር ወደ ደብር የሚሄደውን መንገድ የመረጥሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ክርስቲያን የሆነ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሮጦ አያልፍም፤ ይቆማል፣ ያማትባል፣ ይሳለማል፣ ጊዜ ካለውም አንድ አባታችን ሆይ ይደግማል፤ በቅጽሩ ውስጥማ መሮጥ ከቶ አይታሰብም። ይህ የሃይማኖት ሥርዓት ለሰውነትም የሚጠቅም ሆኖ ተገኝቷል፤ ጀማሪ ሯጭ ሩጫውን በዕረፍት እየከፋፈለ መሄድ እንዳለበት አሠልጣኞች ሁሉ ያስተምራሉና፣ በእኛ መንገድ የዕረፍቱን ስፍራ አስቀድመው የወሰኑልን አባቶች ናቸው። ትንፋሹ በጥላው ሥር ይመለስለታል፤ ከዚያም ቅጽሩን በውጭ በኩል ዞሮ ወደሚቀጥለው ደብር ይወርዳል። በውጭ በኩል ያልሁት በብርቱ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱንም አሁን እነግራችኋለሁ።

የደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደን ስሙ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀው በአገራችን ልጅ በዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጥናት ነው። እርሳቸው በዚሁ አገር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርምረው በደናቸው ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥረዋል፤ ወይራውና ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው፣ ጥቁር እንጨቱና ዋንዛው፣ ከእርሻው ላይ የጠፋው ሁሉ በዚያ ተጠግቶ ይኖራል። ከዚያ አልፎ ያረጋገጡት ነገር ግን የሚያሳስብ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው እያለ ከሥራቸው የሚተኩት ችግኞች የሉም፤ ምክንያቱም ከብት ወደ ቅጽሩ እየገባ የበቀለውን ስለሚግጥና የቀረውን ስለሚረግጥ ነው። በአጥር ተከልሎ ከብት በተከለከለበት ቁራሽ መሬት ዘሩ ይበቅላል፣ ችግኙም ይጸናል፤ ባልተከለከለበት ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ የተነሣ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ ካህናቱንና ምእመናኑን እያስተባበሩ፣ ከእርሻው ላይ የተለቀመውን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ማስካብ ጀመሩ፤ ካቡ ከብቱን ሲያግድ ማሳው ደግሞ ከድንጋይ ጸዳ። እንግዲህ የበሬ ኮቴ ችግኝን ከረገጠ፣ የሃምሳ ሯጭ ጫማስ? ሩጫው ከካቡ ውጪ ይሁን የምለው ስለዚህ ነው፤ የደኑን ጥላ የምንፈልግ ሰዎች ሆነን የደኑን ልጅ ረግጠን ብንሄድ ሥራችን ከንቱ ይሆናል።

በደብርና በደብር መካከል ያለውስ? እዚያ ያለው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ ቤታችንን ሠርቶልናል፣ ማገዶ ሰጥቶናል፣ ለገበሬውም በጥቂት ዓመት ገንዘብ ያስገኝለታል፤ ይህንን ውለታ መካድ አይገባም። ጥላው ግን ስስ ነው፤ ከሥሩም እምብዛም ሣር አይበቅልም። ስለዚህ ማሳሰቤ የግለሰቡ ባሕር ዛፍ ይነቀል የሚል አይደለም፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በወሉ መሬት ላይ ባለችው ጠባብ ጠርዝ ብቻ፣ ከአንዱ ደብር እስከ ሁለተኛው ደብር ድረስ ወይራ ይቀጥል የሚል ነው።

እዚህ ላይ መልካም አሳብ ያላቸው ሰዎች የሚያደርጉት አንድ ጥፋት እንዳይደርስ እፈራለሁ። መንገድ እናሳምር የሚል ማኅበር ሲቋቋም አስቀድሞ የሚነሣው በመንገዱ ዳር ያለውን አጋምና ቀጋ በገጀራ ለመመንጠር ነው። የወይራ መኖሪያ ግን ያ እሾህ ነው። ወፍ የወይራውን ፍሬ ከደብሩ ዛፍ ለቅማ ትበርና በቁጥቋጦው ላይ ዐርፋ ዘሩን ትጥላለች፤ የወደቀው ዘር በእሾሁ ጥላ ርጥበት አግኝቶ፣ ፍየል አፏን ከማታስገባበት ቦታ ቀስ ብሎ ያድጋል። በትግራይ ደጋ የተደረገ ምርምርም የወይራ ችግኝ ከተራቆተው መሬት ይልቅ በቁጥቋጦ ሥር የተሻለ እንደሚጸና አሳይቷል። ስለዚህ የመንገዱ ዳር ቁጥቋጦ ሳይነካ ይቅር፤ የሯጩን ክንድ የሚጭረው ቅርንጫፍ ካለ እርሱ ብቻ ይቆረጥ። ወፎቹ ሥራቸውን በነጻ ይሠሩልናል፤ እኛ የምንተክለው እነርሱ በማይደርሱበት፣ ቁጥቋጦ በሌለበት ባዶ ቦታ ብቻ ይሁን።

ለዚያም ቢሆን ትዕግሥት ያስፈልጋል። የወይራ ዘር በጠንካራ ቅርፊት የተዘጋ ስለ ሆነ እንዳለ ቢዘራ ለመብቀል ይዘገያል፤ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ቢሰነጠቅ ይፈጥናል። ችግኙ የሚተከለው መሬቱ ዝናብ በጠገበበት በሐምሌ ነው፤ ፈተናው ግን በክረምት አይደለም፤ ሣሩ ደርቆ ከብቱ የሚበላው ባጣበት በበጋው፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። በአገራችን በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል፤ በበጋው ማን ጠበቀው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ የሚሰጥ አይገኝም። ስለዚህ የተከለው ሰው እስከ ሁለተኛው ክረምት ድረስ የእሾህ አጥሩን እንዲያድስ በስሙ ይመዝገብ። ጧት ጧት በዚያ የሚሮጥ ሰው አጥሩ መፍረሱን አስቀድሞ የሚያየው እርሱ ነውና፣ ሯጩና ጠባቂው አንድ ሰው ቢሆኑ ድካሙ አይበዛም።

ሩጫው የሚመቸው መንገዱ ከጭቃ ከወጣበት ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትት በእርምጃ መሄድ ይበቃል። በጾም ወራት የሚጾም ሰው ከሥጋው ጋር መከራከር የለበትም፤ መንገዱን ያሳጥር፣ ሩጫውንም ወደ እርምጃ ያውርደው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ቀርቷል፤ ገበሬው ምን ይጠቀማል? ወይራ በተከለው ሰው ዕድሜ ውስጥ ግንድ ሆኖ የሚሸጥ ዛፍ አይደለም፤ ከከተማ የመጣ ሯጭ ጥላ እንዲያገኝ ብቻ ፍየሎቹን ከለመዱት ግጦሽ አርቆ የሚያግድ እረኛ ይኖራል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው። እኔ እንደማስበው መፍትሔው ቅርንጫፉ ላይ ነው። ዛፉ ከጸና በኋላ በየጊዜው ሲገረዝ የሚወርደው እንጨት የወተት ዕቃና የጋን ማጠኛ ነው፤ በገበያም ይፈለጋል። ይህ ግርዝ መንገዱ ለሚያልፍባቸው ቤቶች እንጂ ለከተማው ማኅበር ወይም ለደብሩ እንደማይሆን፣ ማን በየትኛው ወር ምን ያህል እንደሚቆርጥም፣ ችግኙ ከመተከሉ በፊት የደብሩ ሰበካ ጉባኤና የቀበሌው ሽማግሌዎች ተቀምጠው በቃለ ጉባኤ ይጻፉት፤ እረኞቹም ልጆች ናቸው ተብለው እንዳይተዉ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ እነርሱም ተጠርተው ይቀመጡ።